ወደ አጥቢያ ኮከብ አገር

ወደ አንድ አገር የሚሄድ መንገደኛ ከመነሣቱ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቃል። አገሩ ቆላ ነው ወይስ ደጋ? ውኃው እንዴት ነው? መንገዱስ የስንት ቀን ነው? ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናወራለት አገር የሰው እግር ያልረገጠው ሲሆን፣ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ከሩቅ ያላየው ሰው ግን የለም። ዶሮ ሲጮኽ ጭነቱን የሚጭን ነጋዴ፣ ለማኅሌት የሚነሣ ደብተራ፣ ሌሊቱን በዘብ የቆመ ወታደር ሁሉም ያውቁታል። ይኸውም አጥቢያ ኮከብ ነው። የቀድሞ የሐሳበ ከዋክብት መጻሕፍት ከዐረብኛ በመጣ ስም ዝሁራ ይሉታል፤ ኤውሮፓውያን ደግሞ በጥንት ሮማውያን የፍቅር አምላክ ስም ቬኑስ ብለው ይጠሩታል።

ስለዚህ አገር ሁለት ዓይነት ሰዎች ብዙ ቃል ሰጥተዋል። አንደኞቹ በመነጽርና በሒሳብ የሚመረምሩት ሊቃውንት ናቸው። ሁለተኞቹ ሳይንስን መነሻ አድርገው ልብ ወለድ ታሪክ የሚጽፉት ደራሲዎች ናቸው። የእኔ ሥራ ቃል መጻፍና ቃልን ከቃል ማስተያየት ስለ ሆነ፣ የሁለቱን ወገን ቃል ጎን ለጎን አድርጌ ባነበብሁ ጊዜ ያገኘሁትን ደስታ ለሌላው ላካፍል ወደድሁ። የእኛ ነው ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቱ ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢው ያስታውስ።

ከመንገዱ እንጀምር። አጥቢያ ኮከብ ወደ ምድራችን እጅግ በቀረበ ጊዜ በመካከላችን ያለው ርቀት 40 ሚሊዮን ኪሎሜትር ያህል ነው። በቀን 40 ኪሎሜትር የምትገሠግሥ ብርቱ በቅሎ ብትገኝና መንገዱም መሬት ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ሚሊዮን ቀን፣ ማለት ከ2,700 ዓመት በላይ በወሰደባት ነበር። በሰው እጅ የተሠሩት መንኰራኵሮች ግን በአራት ወር ያህል ጊዜ ደርሰውበታል። አካሉ ከምድራችን ጋራ መንታ ሊባል የሚገባው ነው፤ ወርዱ 12,104 ኪሎሜትር ሲሆን ምድራችን የምትበልጠው በ650 ኪሎሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚያ 63 ኪሎ ያህል ይመዝናል። እንግዲህ የቀድሞ ሰዎች፣ መንታ በመልክ ከተመሳሰለ በጠባይም ይመሳሰላል ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም።

ይህ ኮከብ ከፀሐይ አይርቅም። አንዳንድ ጊዜ ንጉሥን ቀድሞ መንገድ እንደሚያስጠርግ ባለሟል ከፀሐይ በፊት በምሥራቅ ይወጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እንደ አጃቢ ወደ ኋላ ቀርቶ ፀሐይ ከገባች በኋላ በምዕራብ ይታያል። በእኩለ ሌሊት በሰማይ መካከል ያየው ሰው ከቶ የለም። ስለዚህ የጥንት ግሪኮች የጧቱንና የማታውን ሁለት ኮከብ አድርገው ሁለት ስም አወጡላቸው፤ በኋላ ግን አንድ መሆኑን ተረዱ። ከእነርሱ ብዙ መቶ ዓመት አስቀድሞ የባቢሎን ጸሓፊዎች ኮከቡ የታየበትንና የጠፋበትን ቀን በሸክላ ጽላት ላይ እየጻፉ አኑረውት ነበር። መመላለሱ ሥርዓት ያለው ነው፤ በ584 ቀን ወደ ነበረበት ሁኔታ ይመለሳል፣ ይህም አምስት ጊዜ ሲደገም ስምንት ዓመት ያህል ይሆናል።

በ1610 ዓመት ኢጣልያዊው ጋሊሌዎ በአዲሱ መነጽር ቢመለከተው ኮከቡ እንደ ጨረቃ የሚሞላና የሚጐድል ሆኖ አገኘው። ጋሊሌዎ ነገሩን ገና እየመረመረ ሳለ ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ፈርቶ፣ ያየውን ነገር ፊደሉ በተዘበራረቀ አንድ የላቲን ዓረፍተ ነገር ሰውሮ ወደ ፕራግ ላከ። ፊደላቱ በሥርዓታቸው ሲደረደሩ የፍቅር እናት የጨረቃን መልክ ትከተላለች የሚል ምሥጢር ይወጣቸዋል። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ የጋሊሌዎን ዘዴ እንደ ሰምና ወርቅ ቢቈጥረው አያስደንቅም። ጉዳዩ ግን ጨዋታ አልነበረም። ኮከቡ እንደ ጨረቃ ሙሉ ሆኖ እስከ መታየት የሚደርሰው በምድር ዙሪያ ሳይሆን በፀሐይ ዙሪያ ሲዞር ብቻ ስለ ሆነ፣ ምድር የሁሉ መካከል ናት የሚለው አሮጌ ትምህርት ከዚህ ምስክር በኋላ ጸንቶ ሊቆም አልቻለም።

አሁን የምናወጋው በዚህ ኮከብ ምክንያት ዐሥራ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ስለ ተንከራተተ አንድ ፈረንሳዊ ነው።

አጥቢያ ኮከብ አልፎ አልፎ በእኛና በፀሐይ መካከል ትክክል ያልፋል፤ በዚያን ጊዜ በፀሐይ ፊት ላይ እንደ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ሲሄድ ይታያል። ይህ የሚሆነው በስምንት ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ከመቶ ዓመት በላይ አይታይም። በ1639 እንግሊዛዊው ጀርማያ ሆሮክስ፣ ገና የ20 ዓመት ያህል ወጣት ሳለ፣ ቀኑን በሒሳብ አግኝቶ ፀሐይ ልትገባ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀራት በወረቀት ላይ ባሳረፈው ጥላ ተመለከተው። እርሱና አንድ ወዳጁ ብቻ አዩት። በኋላም ሌላው እንግሊዛዊ ኤድመንድ ሃሌ፣ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሰዎች ይህን መተላለፍ ሰዓት እየያዙ ቢመለከቱ ከምድር እስከ ፀሐይ ያለው ርቀት ሊለካ እንደሚቻል በ1716 ገለጸ። የ1761ና የ1769 ዓመታት በደረሱ ጊዜ የኤውሮፓ ነገሥታት ሊቃውንቶቻቸውን ወደ አራቱ ማዕዘን ሰደዱ። እንግሊዛዊው ካፕቴን ኩክም ወደ ታሂቲ ደሴት የሄደው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ሙሴ ጊዮም ለዣንቲ ከፈረንሳይ የተነሣው በመጋቢት 1760 ነው። የታዘዘው ወደ ሕንድ አገር፣ የፈረንሳዮች ከተማ ወደ ነበረችው ፖንዲሼሪ ነበር። በዚያን ጊዜ ፈረንሳይና እንግሊዝ ጦርነት ላይ ነበሩ፤ መርከቡ ወደ ሕንድ ዳርቻ ሲቃረብ እንግሊዞች ከተማዪቱን መያዛቸው ተሰማና ካፒቴኑ መርከቡን መለሰ። ሰኔ 6 ቀን 1761 ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ሙሴ ለዣንቲ በባሕር መካከል ነበር። ኮከቡ በፀሐይ ፊት ሲያልፍ በዓይኑ አየ፤ ነገር ግን በሚወዛወዝ መርከብ ላይ ሰዓትም ልክም በትክክል መያዝ ስለማይቻል ያየው ነገር ለሒሳብ የማይጠቅም ሆነ።

ሌላ ሰው ቢሆን ወደ አገሩ በተመለሰ ነበር። እርሱ ግን ሁለተኛው ስምንት ዓመት ብቻ ነው የቀረው ብሎ ለመጠበቅ ቈረጠ። በዚህ መካከል የማዳጋስካርን ምሥራቃዊ ዳርቻ ካርታ ሠራ፤ ወደ ማኒላ ሄደ፤ ከፓሪስ በመጣለት ትእዛዝ ደግሞ ጦርነቱ አልቆ ለፈረንሳዮች ወደ ተመለሰችው ወደ ፖንዲሼሪ ተሻገረ። በዚያም የከዋክብት መመልከቻ ቤት አሠራ። ትናንት ጠላት የነበሩት እንግሊዞች እንኳ ከማድራስ ጥሩ መነጽር ላኩለት። ወሩን ሙሉ ጧት ጧት ሰማዩ የጠራ ነበር። ሰኔ 4 ቀን 1769 ሲነጋ ግን ደመና ፀሐይን ሸፈናት፤ ኮከቡ አልፎ እስኪጨርስ ድረስም አልተገለጠችም። ከዚያ በኋላ ደመናው ተገፈፈና ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ደምቃ ዋለች። ትቶት በመጣው በማኒላ ደግሞ በዚያች ሰዓት ሰማዩ ጥርት ያለ እንደ ነበረ በኋላ ሰማ። ከሁለት ሳምንት በላይ ብዕር ለማንሣት ልብ አጥቶ እንደ ነበረ ራሱ ጽፎአል።

የቀረው ታሪክ ለእኔ ይበልጥ የሚያስገርም ነው። ሙሴ ለዣንቲ በተቅማጥ ታሞ፣ በማዕበል ተንገላቶ፣ በጥቅምት 1771 በእግሩ የፒሬኔን ተራራ ተሻግሮ አገሩ ቢገባ፣ ሞቶአል ተብሎ ወራሾቹ ገንዘቡን ለመካፈል ሲጣደፉ አገኛቸው። በሳይንስ አካዳሚም የነበረው ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ስለ ገንዘቡም ወኪሉን ከሰሰው፤ ክርክሩን ግን ተረታና ኪሳራ ከፈለ። ብዙ ዓይነት ከሳሽ በመዝገብ ላይ ይገኛል፤ መሞቱ ከታመነ በኋላ በእግሩ መጥቶ ዳኛ ፊት የቆመ፣ ያውም የተረታ ከሳሽ ግን ብርቅ ነው። ደግነቱ በአካዳሚው ወንበር ተመለሰለት፣ ሚስትም አገባ፣ ሴት ልጅም ወለደ፣ የጉዞውንም ታሪክ በሁለት ትልልቅ መጻሕፍት አሳተመ። እርሱ ያጣውን ሌሎች አግኝተውት ስለ ነበር ሒሳቡ ተሠርቶ የፀሐይ ርቀት 153 ሚሊዮን ኪሎሜትር ያህል ነው ተባለ። ዛሬ በራዳር የታወቀው 149.6 ሚሊዮን ነው። ባለ ሰዓትና ባለ መነጽር ብቻ ለተለካ ነገር ይህ ስሕተት ትንሽ ነው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሆነውን ለማስታወስ ያህል፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 1 ቀን 1996 ዓመተ ምሕረት ይኸው መተላለፍ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ ጀምሮ እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ድረስ ከኢትዮጵያ ሰማይ ይታይ ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላም ግንቦት 29 ቀን 2004 ፍጻሜው በማለዳ ታየ። የሚቀጥለው በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በታኅሣሥ 2117 ነው።

በ1761 በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ መስኮባዊው ሊቅ ሎሞኖሶቭ መተላለፉን ሲመለከት በኮከቡ ጠርዝ ላይ የብርሃን ጭላንጭል አየሁ ብሎ፣ ኮከቡ እንደ ምድራችን ያለ ወይም የሚበልጥ አየር የከበበው መሆኑን ተናገረ። አየር መኖሩ እውነት ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን መነጽሩ ሁሉ ሲተልቅ የሚታየው ነጭ ደመና ብቻ ሆነ፤ ደመናውም አንድ ቀን እንኳ አልተገለጠም። ፊቱን በነጠላ እንደ ሸፈነች ሙሽራ ነው።

የተሸፈነ ነገር ወሬ ያበዛል። ሰዎች እንዲህ ሲሉ አሰቡ፤ ደመና ካለ ዝናብ አለ፤ ዝናብ ካለ ረግረግና ባሕር አለ፤ ረግረግና ሙቀት ካለ ዱር አለ፤ ዱር ካለ አውሬ አለ። ሰንሰለቱ ያማረ ነው፤ ያ ደመና የውኃ ደመና ነው ብሎ አይቶ የመሰከረ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ይህን ሐሳብ ከደገፉት ዋነኛው የስዊድኑ ታላቅ ሊቅ ስቫንቴ አሬንዩስ ነው። እርሱም በ1918 በእንግሊዝኛ በታተመው መጽሐፉ የአጥቢያ ኮከብ ምድር ሁልጊዜ በእርጥበት የሚንጠባጠብ፣ ረግረግና ለምለም ነው ብሎ ጻፈ። የሚያስደንቀው ይህ ነው፤ ይኸው ሰው አስቀድሞ በ1896 ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው፣ ከሰል ሲነድና እኛም ስንተነፍስ የሚወጣው አየር ሲበዛ ምድርን እንደሚያሞቅ በሒሳብ ያሳየ ነበር። የአጥቢያ ኮከብ መክፈቻ ቍልፍ በእጁ ነበረ፤ በየትኛው በር እንደሚገባ ግን አላወቀም።

ደራሲዎቹ እንግዲህ በዚህ መሠረት ላይ ቤታቸውን ሠሩ። አሜሪካዊው ኤድጋር ራይስ በሮውስ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በጻፋቸው ታሪኮች፣ ወደ ማርስ ልሄድ ብሎ የተነሣ ሰው የጨረቃን ስበት በሒሳቡ ሳያገባ ቀርቶ በአጥቢያ ኮከብ ይወድቃል፤ በዚያም ሰማይ የሚነኩ ዛፎችና በዛፎቹ ውስጥ የሚኖር ሕዝብ ያገኛል። እንግሊዛዊው ሲ.ኤስ. ልዊስ በ1943 ባሳተመው ፔሬላንድራ በተባለው መጽሐፍ ኮከቡን ኀጢአት ያልገባበት የባሕር ዓለም አድርጎ፣ በማዕበሉ ላይ እየተንሳፈፉ የሚሄዱ ደሴቶችን ጻፈ። አይዛክ አሲሞቭም በ1954 ስለ አጥቢያ ኮከብ ባሕሮች ለወጣቶች የሚሆን ታሪክ አወጣ። መጽሐፉ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደገና ሲታተም አሲሞቭ በመቅድሙ የሳይንስ ዕውቀት መለወጡን ለአንባቢዎቹ መግለጹ የሚመሰገን ነው፤ የጻፈውን ቃል በግልጽ የሚያርም ምስክር ብዙ አይገኝም።

ከሁሉም ይልቅ በልቤ የቀረው ግን የሬይ ብራድበሪ አጭር ታሪክ ነው፤ በ1954 የወጣ ነው። በአጥቢያ ኮከብ የሰፈሩ ሰዎች ልጆች በማያባራ ዝናብ ውስጥ ያድጋሉ፤ ፀሐይ የምትወጣው በሰባት ዓመት አንድ ቀን ለጥቂት ጊዜ ነው። ከእነርሱ መካከል ማርጎት የምትባል፣ ከምድር በቅርብ የመጣች አንዲት ልጅ አለች። እርስዋ ብቻ ፀሐይን ታስታውሳለች። ሌሎቹ ልጆች የፀሐይን መልክ ስትነግራቸው አያምኑአትም፤ ስለሚቀኑባትም ፀሐይ በምትወጣበት ቀን በጓዳ ይቈልፉባታል። ከዚያ ፀሐይ ትወጣለች፤ ልጆቹ ወጥተው ሲቦርቁ እርስዋን ይረሱአታል። ዝናቡ ሲመለስ ትዝ ትላቸውና በዝምታ፣ አንገታቸውን ደፍተው በሩን ሊከፍቱላት ይሄዳሉ። ልጆች ያሉት ወላጅ ይህን ታሪክ በማታ ሲያነብላቸው ፊታቸውን ይመልከት። በአጥቢያ ኮከብ እንዲህ ያለ ዝናብ አለመኖሩ ታሪኩን አንዲት ፊደል አላጐደለውም።

የመርማሪዎቹ ቃል ግን ከደራሲዎቹ ቃል እየራቀ ሄደ። በ1932 በካሊፎርኒያ በዊልሰን ተራራ ያሉ ሁለት ሊቃውንት የኮከቡን ብርሃን በትነው ቢመረምሩ በአየሩ ውስጥ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አገኙ። በ1956 ደግሞ በዋሽንግተን የራዲዮ መነጽር ያነጣጠሩበት ሰዎች ከ300 ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት የሚያስረዳ ምልክት ተቀበሉ። የረግረጉ ወገን ጠበቆች ግን አልተረቱም፤ ይህ ሙቀት ከላይኛው አየር የሚመጣ ነው እንጂ ምድሩ ለስላሳ ነው እያሉ ተከራከሩ። ክርክሩን የቈረጠችው ማሪነር 2 የምትባለው የአሜሪካ መንኰራኵር ናት። ታኅሣሥ 14 ቀን 1962 በ35,000 ኪሎሜትር ያህል ርቀት አጠገቡ ስታልፍ ሙቀቱ ከታች፣ ከምድሩ የሚመጣ መሆኑን ለየች። ከሰው እጅ ወጥቶ ሌላ ፕላኔትን አይቶ ወሬ የላከ የመጀመሪያው ዕቃ ይህ ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ የባሕሩ ተስፋ ፈጽሞ አልሞተም። ሶቪየቶች በ1967 ቬኔራ 4 የምትባለውን መንኰራኵር ሲሠሩ፣ ምናልባት በባሕር ላይ ብትወድቅ እንድትንሳፈፍ አደረጓት፤ የራዲዮዋንም አንቴና የሚይዘውን መቈለፊያ ከስኳር ሠሩት። ውኃ ቢነካው ስኳሩ ይሟሟል፣ አንቴናውም ይፈታል ብለው ነው። መሐንዲስ ሳይታወቀው የተረት ወዳጅ መሆኑን ከዚህ ስኳር ይበልጥ የሚያስረዳ ነገር አላየሁም። ቬኔራ 4 በዣንጥላ ስትወርድ፣ ከምድሩ 25 ኪሎሜትር ያህል ሲቀራት ድምፅዋ ጠፋ። ስኳሩ የሚሟሟበት ውኃ አላገኘም።

ከዚያ ወዲያ ሶቪየቶች መንኰራኵሮቻቸውን እንደ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ አጠነከሩ። ታኅሣሥ 15 ቀን 1970 ቬኔራ 7 ዣንጥላዋ ተበላሽቶ በምድሩ ላይ ወደቀች፤ ሞተች ተብሎም ነበር። በኋላ ግን የተቀረጸው የራዲዮ ድምፅ እንደገና ቢመረመር፣ እጅግ በደከመ ድምፅ 23 ደቂቃ ያህል ሙቀቱን ስትናገር ተገኘች፤ 475 ዲግሪ ነው። በጥቅምት 1975 ቬኔራ 9 ከሌላ ፕላኔት ምድር ላይ የመጀመሪያውን ሥዕል ላከች። መጋቢት 1 ቀን 1982 የወረደችው ቬኔራ 13 ደግሞ 32 ደቂቃ እንድትቈይ ተሠርታ 127 ደቂቃ ኖረች። እኅትዋ ቬኔራ 14 ከአራት ቀን በኋላ ወረደች፤ የመሬቱን ጥንካሬ የሚለካው ክንድዋ ቢዘረጋ፣ ከራስዋ ፎቶግራፍ ማንሻ ላይ ተፈናጥሮ በወደቀው ክዳን ላይ አረፈ። የአጥቢያ ኮከብን አፈር ሊለካ 40 ሚሊዮን ኪሎሜትር ተሻግሮ የሄደው መሣሪያ ከቤቱ ይዞት የሄደውን ክዳን ለካ።

አሁን የመንገደኛውን ጥያቄ ልንመልስ እንችላለን። አገሩ ቆላ ነው፤ ግን ከዚህ ዓለም ቆላ ሁሉ የተለየ ነው። በእኛ አገር በዳሎል ከ1960 እስከ 1966 የተለካው የዓመቱ መካከለኛ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ስለ ነበረ፣ ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች ሁሉ የሚብሰው ሙቀት ተብሎ ተመዝግቦአል። በአጥቢያ ኮከብ ግን ሌሊትም ቀንም፣ በወገቡም በዋልታውም፣ 460 ዲግሪ ያህል ነው፤ እርሳስ በዚያ ሳይነድ ይቀልጣል። የአየሩ ክብደት ከእኛ ከ90 ጊዜ በላይ ነው፤ ሰው በባሕር ውስጥ 900 ሜትር ጠልቆ የሚሰማው ጫና ማለት ነው። የታየው ምድር ጠፍጣፋ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ቀዝቅዞ የቀረ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ሲሆን የእርታ አሌን አካባቢ ያየ ሰው በመጠኑ ሊገምተው ይችላል። ሰማዩ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቀልቶ ይታያል። ደመናው የውኃ ሳይሆን የድኝ አሲድ፣ በአውቶሞቢል ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው ዓይነት ነው። ዝናቡም ከላይ ይጥላል እንጂ ሙቀቱ በመንገድ ስለሚያተነው ምድር አይደርስም።

ለደጋ የሚሆን ስፍራ አለ ወይ የሚል ቢኖር፣ አለ፤ መሬት ግን የለውም። በ1985 ሶቪየቶች ሁለት ባሉኖች በደመናው ውስጥ፣ ከምድሩ 54 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ለቀቁ። በዚያ አየሩ ከራስ ደጀን ራስ ላይ ካለው ጥቂት ይሳሳል፤ ሙቀቱም 30 ዲግሪ ያህል ነው። ባሉኖቹ ሁለት ቀን ያህል በነፋስ ተገፍተው እያንዳንዳቸው ከ11,000 ኪሎሜትር በላይ ሄዱ። ልዊስ ስለ ተንሳፋፊ ደሴቶች ሲጽፍ ባሕሩን ሳተ እንጂ መንሳፈፉን አልሳተም።

ቀኑስ? ኮከቡ ከብዙዎቹ በተቃራኒ ስለሚዞር ፀሐይ የምትወጣው በምዕራብ ነው። በፀሐይ ዙሪያ በ225 ቀን ይዞራል፣ በራሱ ላይ ግን የሚዞረው በ243 ቀን ነው፤ ከአንዱ ጧት እስከ ሌላው ጧት ድረስ 117 የእኛ ቀን ይሆናል። በዚያ አገር አንድ ባለጉዳይ ነገ ተመለስ ቢባል አራት ወር ያህል ሊጠብቅ ነው። እንዲህ ያለ ቀጠሮ በዚህም ምድር አይታወቅም ለማለት ግን አልደፍርም።

ስለ ውኃው የሚነገረው ነገር ከሁሉ ያሳዝናል። በ1978 አሜሪካኖች የላኩት ፓዮኒር ቬኑስ የአየሩን ቅንጣቶች ቢመዝን፣ ከተራው ይልቅ የሚከብደው የሃይድሮጅን ዓይነት ከምድራችን ከመቶ እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ውኃ በፀሐይ ኃይል ሲበተን ቀላሉ ሃይድሮጅን ወደ ሰማይ ያመልጣል፤ ከባዱ እንደ አተላ ይቀራል። አተላው ይህን ያህል ከሆነ ጠላው ብዙ እንደ ነበረ ይታወቃል። ያ ውኃ በባሕር ተጠራቅሞ ነበር ወይስ ገና ከጅምሩ እንፋሎት ሆኖ ቀረ በሚለው ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። የተስማሙበት ነገር ግን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የአየሩን 96 በመቶ በላይ ይዞ ሙቀቱን መያዙ ነው። መስኮቱ ተዘግቶ በፀሐይ የዋለ አውቶሞቢል ውስጥ የገባ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳል፤ የገባው ሙቀት መውጫ አያገኝም። አሬንዩስ በ1896 ያሰላው ሕግ በመንታ እኅታችን ላይ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ የሚታየው እንዲህ ነው። በእኛም ምድር ይኸው አየር በፋብሪካና በሞተር ጢስ እየበዛ መሄዱ በየዓመቱ እየተለካ ይጻፋል።

የአገሩን ካርታ ያወጣችው ማጄላን የተባለችው የአሜሪካ መንኰራኵር ናት። ከ1990 እስከ 1994 በራዳር ደመናውን ሰንጥቃ 98 በመቶውን አነሣችው። ለተራሮቹና ለሸለቆዎቹ የሴቶች ስም እንዲሰጥ ስለ ተወሰነ፣ ከውሳኔው በፊት ስም ከወጣላቸው ከጥቂቶቹ በቀር በካርታው ላይ የሴት ስም ብቻ ይነበባል። 11 ኪሎሜትር ከፍታ ያለው ትልቁ ተራራ ግን አስቀድሞ በስኮትላንዳዊው ሊቅ በማክስዌል ስም ስለ ተጠራ፣ በብዙ ወይዛዝርት መካከል የተቀመጠ አንድ ጌታ ይመስላል። ሌላው ማአት የሚባል፣ ስምንት ኪሎሜትር የሚደርስ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ማአት የጥንት ግብፃውያን የእውነትና የፍርድ አምላክ ናት። በ2023 የአሜሪካ ሊቃውንት ማጄላን በ1991 በየካቲትና በጥቅምት ያነሣቻቸውን ሥዕሎች ከመዝገብ አውጥተው ቢያስተያዩ፣ በዚህ ተራራ አጠገብ ያለ አንድ የእሳት አፍ በስምንት ወር ውስጥ ሰፍቶና መልኩን ለውጦ አገኙት። እሳቱ እስከ ዘመናችን አለመጥፋቱ በዚህ ተመሰከረ። ምስክሩ በመዝገብ ቤት ከ30 ዓመት በላይ ተቀምጦ ነበር፤ አንብቦ የሚያስተያየው ሰው ነበር የጠፋው።

አንድ ነገር ጨምሬ ልፈጽም። በመጋቢት 1972 ሶቪየቶች ሌላ መንኰራኵር ወደዚያው አገር ሰደው ነበር። የሚያስወነጭፈው ሞተር ከጊዜው በፊት ስለ ቆመ ከምድራችን ዙሪያ ሳትርቅ ቀረች፤ ስምዋም ኮስሞስ 482 ተባለ። ግማሽ ቶን ያህል የሚመዝነው ኳስ መሰል አካልዋ ያን ሁሉ እሳትና ጫና እንዲችል ሆኖ ስለ ተሠራ፣ ሌላው ክፍልዋ ወድቆ ሲያልቅ እርሱ 53 ዓመት ሙሉ በራሳችን ላይ ሲዞር ኖረ። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓመተ ምሕረት ወደ ምድር ተመልሶ ወደቀ፤ የሩስያ የሕዋ መሥሪያ ቤት በሕንድ ውቅያኖስ መውደቁን አስታወቀ። በዚያም ወር አጥቢያ ኮከብ ጎሕ ሳይቀድ በምሥራቅ ይታይ ነበር።